ለካ ማዞር ነው!

ስንት ዓመት «የኔጌቲቭ አንድ ስኩዌር ሩት አይ (i) ይባላል» እያልኩ ስሸመድድ ኖሬ ዛሬ ገና ገባኝ። ባለካሬ ወረቀት ላይ 3 + 2አይን በነጥብ አስቀመጥኩ፤ ወደ ቀኝ 3፣ ወደ ላይ 2። በአይ ሳባዛው -2 + 3አይ ሆነ። ሁለቱንም ነጥቦች ከዜሮ ጋር በመስመር ሳገናኛቸው በመሀላቸው ያለው አንግል ልክ 90 ዲግሪ! ወረቀቱን እያዞርኩ ደጋግሜ አየሁት። በአይ ማባዛት ማለት ሩብ ዙር ማዞር ነው። ሁለቴ ካዞርከው 180 ዲግሪ፣ ፊቱ ወደ ኔጌቲቭ። አይ ስኩዌር -1 የሆነው ለዚህ ነዋ!

እንደ አይ ላሉ ቁጥሮች «ኢማጂነሪ» (ምናባዊ) የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1637 ያወጣላቸው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዴካርት ነው። (ስንቱን ተማሪ እንዳስበረገገ ቢያውቅ!) በአይ ማካፈልስ ወደ ኋላ ያዞር ይሆን? እርሳሴን ቀርጬ ልመለስ።