ቮልሷ ጠቅ ጠቅ ስትል፣ ቤንዚን ፓምፑን ከመቀየራችሁ በፊት

የድሮ ቮልስዋገን ያላችሁ ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሆኖ ከኋላ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ነዳጅ ስትሰጡት ይፈጥናል፣ ስትለቁት አብሮ ይረጋጋል። ጋራዥ ስትወስዷት "ፓምፑ ነው፣ ይቀየር" ትባላላችሁ። አዲስ ፓምፕ ተገዝቶ ይገጠማል፤ ድምፁ ግን እዚያው አለ። በጣም የሚያናድደኝ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከፓምፑ ሥር ያለው ዘንግ ቁመት ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚለካው ሰው የለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፓምፑ ሞተሩ ላይ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ጎን ተቀምጧል። ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው አጭር ሻፍት ላይ አንድ ወገኑ ወጣ ያለ ካም አለ። ካሙ በዞረ ቁጥር አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ወደ ላይ ይገፋል፣ ዘንጉ የፓምፑን ምላስ ይገፋል፣ ምላሱ ፓምፑ ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን፣ ዲያፍራሙን፣ ይስባል፣ ቤንዚኑም ከፊት ካለው ታንከር ይመጣል። የዘንጉ ጉዞ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ምላሱን ከዘንጉ ሳይለይ የሚይዘው አንድ ሞላ ነው። ሞላው ከደከመ ወይም ዘንጉ ካጠረ በሁለቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ከዚያ በኋላ ዘንጉ በመጣ ቁጥር ምላሱን ይመታዋል።

አሁን ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ዲስትሪቢዩተሩ የሚዞረው በሞተሩ ግማሽ ፍጥነት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 850 ቢዞር ፓምፑ 425 ጊዜ ይመታል፣ በሰከንድ 7 ያህል ማለት ነው። አንድ የላላ ቫልቭም የሚመታው ልክ በዚሁ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ምቱን በጆሮ ቆጥሮ "ይሄ ፓምፕ ነው፣ ይሄ ቫልቭ ነው" ማለት አይቻልም፤ ማንም ቢላችሁ አትመኑት። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ነው መፈለግ ያለበት።

ረጅም ካቻቪቴ ውሰዱ። ጫፉን ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሯችሁ ሥር ባለው አጥንት ላይ አድርጉ፤ እንደ ሐኪም ማዳመጫ ይሠራል። ቀጥሎ ዲናሞው የቆመበት ላይ፣ ከዚያ በግራና በቀኝ የቫልቭ ክዳኖቹ ላይ ሞክሩ። በጣም ጎልቶ የሚሰማበት ቦታ ነው ምንጩ። ቺንጋው አጠገብ ስለሆናችሁ ነጠላና የተንጠለጠለ እጅጌ አውልቁ፣ ይሄን ስል የምሬን ነው።

ከፓምፑ ጋር የሚምታቱ ድምፆች አሉ። ቫልቭ ከሆነ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ እያለ ክፍተቱ ይለካል፤ ለአብዛኞቹ 1300፣ 1500 እና 1600 ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ጭስ ከማርሚታው ወይም ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ ክዳን) መጋጠሚያ ሲያመልጥም ጠቅ ጠቅ ይላል፣ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ይብስና ብረቱ ሲሞቅ ይቀንሳል። የዲናሞ ኩሽኔታ ደግሞ ያፏጫል ወይም ይጎረብጣል እንጂ እንዲህ አይመታም።

ጆሯችሁን ካላመናችሁት የምወደው ሙከራ ይሄ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ ከታንከር የሚመጣውን ጎማ ቆንጥጣችሁ ዝጉ፤ ታንከሩ ከፓምፑ ከፍ ስለሚል ጎማው ሲነቀል ቤንዚኑ ዝም ብሎ ይፈሳል። የፓምፑን ጎማዎች ንቀሉ፣ በ13 ቁልፍ ሁለቱን ዳዶዎች ፈትታችሁ ፓምፑን አንሱ፣ ዘንጉን ብቻ መዝዛችሁ አውጡ፣ ፓምፑን ያለ ዘንግ መልሳችሁ እሰሩት። ጎማዎቹን መልሱ፣ የፈሰሰውን ጠርጉ፣ ሽታው እስኪጠፋ ጠብቁና ሞተሩን አስነሱ። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሚኒሞ ላይ ለአጭር ጊዜ ያሠራዋል። ጠቅታው ጠፋ? እንግዲያው ፓምፑ ወይም ዘንጉ ነው። እንዳለ ከቀጠለ የፓምፕ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አስቀምጡና ወደ ቫልቮቹ ሂዱ።

ፓምፑ አካባቢ መሆኑ ከተረጋገጠ ወደ መለካት ነው። ከፓምፑ ሥር ያለውን የፕላስቲክ መቀመጫ፣ ፍላንጁን፣ ከነጓርኒሲዮኖቹ (ከነስስ ማሸጊያዎቹ) በቦታው አድርጉ፣ ዘንጉን ሾል ያለውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ክተቱ። ፍላንጁ ሳይገባ ዘንጉን እንዳትከቱ፤ ሞተሩ ውስጥ ይወድቅና ሌላ መከራ ነው። ከዚያ ሞተሩን በዳዶ መፍቻ በእጅ እያዞራችሁ ዘንጉ በጣም ከፍ የሚልበትን ቦታ ፈልጉ። በዚያ ላይ ከፍላንጁ በላይ የሚወጣው 13 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ከሥር ጓርኒሲዮን ቀንሱ፣ ከበለጠ ጨምሩ። በቃ፣ የብዙዎቹ ጩኸት መድኃኒት ይሄ ነው።

የአንድ ጓደኛዬ ቮልስ ጋራዥ ገብታ አዲስ ፓምፕ ተገጠመላት፣ ድምፁ ግን ባሰበት፤ ወደ እንጦጦ ስትወጣም ሞተሩ ነዳጅ እያጣ ይንተፋተፍ ጀመር። ስንፈታው ከፍላንጁ ሥር ጓርኒሲዮን በጓርኒሲዮን ላይ ተደራርቦ አገኘን፤ ዘንጉ ምላሱን ገና ሲነካ ጉዞው እያለቀ ነበር። ትርፉ ወጣ፣ ልኩ ተስተካከለ፣ ድምፁም ዳገቱም አበቃ። ዘንጉ ሲረዝም ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ዲያፍራሙ ከአቅሙ በላይ ይሳባል፣ ካርቡራቶሩ ይትረፈረፋል፣ ቆይቶ ዲያፍራሙ ይቀደዳል።

ሶማሌ ተራ ዕቃ ስትፈልጉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለባለ ዲናሞ ሞተር የሚሆነው ፓምፕ ዘንጉ 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለባለ አልተርኔተሩ፣ ያ ዘንበል ያለው ፓምፕ፣ 100 ሚሊ ሜትር ነው። ፓምፑንና ዘንጉን አቀያይሮ መግጠም አይሆንም፣ ስለዚህ አሮጌውን ዘንግ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ለኩ። ጫፉ ተበልቶ ከሆነም አዲስ ዘንግ ይግዙ እንጂ በጓርኒሲዮን ለማካካስ አትሞክሩ። ስትገጥሙ የፓምፑን የታችኛውን ክፍል ግሪስ ሙሉት፤ ደርቆ የሚሠራ ምላስ ይጮኻል። ዳዶዎቹንም በጉልበት አታጥብቁ፣ የፕላስቲኩ ፍላንጅ ይሰነጠቃል።

ከድምፁ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ዘይቱ ነው። የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ወይም ዘይቱ ሳትጨምሩ ከፍ ካለ ዲያፍራሙ ተቀዶ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል፣ የቀጠነ ዘይት ደግሞ ኩሽኔታ ይበላል። እንዲህ ከሆነ መኪናዋን አትንዱ፤ ፓምፑ ይቀየር፣ ዘይቱም አብሮ ይቀየር። የደረቁ የቤንዚን ጎማዎችንም በዚያው ለውጡ። ከዲስትሪቢዩተሩ በላይ የተንጠለጠለ የቤንዚን ፊልትሮ ካለ ከዚያ አንሱት፤ እዚያ የምትፈስ ጠብታ ቮልሷን ልታቃጥል ትችላለች።

"ኤሌክትሪክ ፓምፕ ግጠምና ተገላገል" የሚሉም አሉ። እኔ አልወደውም። የድሮው ፓምፕ ሞተሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል፣ አደጋ ቢደርስ ቤንዚን መግፋቱን ያቆማል። ኤሌክትሪኩ ግን ሞተሩ ሲጠፋ የሚያቋርጠው ነገር አብሮ ካልተገጠመ፣ ቁልፉ እስካልጠፋ ድረስ ይገፋል፣ ግፊቱም ለዚህ ካርቡራቶር ሊበዛ ይችላል። የግድ ከሆነባችሁ ዝቅተኛ ግፊት ያለውን ምረጡ፣ ፊት ለፊት ከታንከሩ አጠገብ አስገጥሙት፣ ማቋረጫውንም አትርሱ።