«በየትኛውም ጊዜ» የምትለው ቃል

ከእንግሊዝኛ መምህርነት በጡረታ ከተገለልሁ ወዲህ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር በጋራ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል የትርጉምና የማመልከቻ ጽሕፈት ሥራ እሠራለሁ። አብዛኛው ሥራዬ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃና ውክልና መተርጎም ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ውጭ አገር የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ ቤተሰብ ሊጠይቁ ሲመጡ የሥራ ማመልከቻቸውን እንድመለከትላቸው ይጠይቁኛል። እዚህ የምጽፈው በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ከእነዚህ ከአንዱ ጋር የገጠመኝን ነው። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር የእሱን ማንነት ትቼ የእኔን ድርሻ በዝርዝር እናገራለሁ።

ልጁ በ20 ዓመቱ በዲቪ አሜሪካ ገብቶ፣ መጀመሪያ መጋዘን ውስጥ፣ በኋላም በሹፍርና እየሠራ የበረራ ትምህርቱን ከፍሎ የተማረ ነው። ከዚያም የበረራ አስተማሪ ሆኖ የሚፈለግበትን 1,500 የበረራ ሰዓት አሟልቶ፣ በአንድ አየር መንገድ በረዳት አብራሪነት ለመቀጠር ፎርም እየሞላ ነበር። የመጣው ከቀትር በኋላ፣ ከተማው በሩን ዘግቶ ለበርጫ በሚቀመጥበት ሰዓት ነው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ማራገቢያው ቆሟል፤ ላብ በላብ ሆነን የላፕቶፑ ባትሪ ሳያልቅ ለመጨረስ ተጣደፍን። የሥራ፣ የመኖሪያና የትምህርት ታሪኩ ያለ ችግር አለፈ። የቆምነው ስለ ትራፊክ ጥፋት የሚጠይቀው ክፍል ላይ ስንደርስ ነው።

ጥያቄው በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ የሚል ነበር፦ በየትኛውም ጊዜና ቦታ የትራፊክ ደንብ በመተላለፍ ክስ ተጽፎብዎት ያውቃል? የክሱ ውጤት ምንም ይሁን ምን ሁሉንም ይዘርዝሩ። ልጁ አራት ነገር ነገረኝ። ሦስቱ አሜሪካ የተጻፉበት ሲሆኑ፣ ሁለቱ በፍጥነት፣ አንዱ የቁም ምልክት ላይ ሙሉ በሙሉ ባለመቆሙ የመጡ ናቸው። አራተኛው የእኛው አገር ነው፤ ከመሄዱ በፊት የአጎቱን ፒካፕ ይዞ ከሐረር ሲመለስ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ያለ ቦታው ደርቦ ሲያልፍ ትራፊክ ይዞት መንጃ ፈቃዱን ወስዶ ክስ ጻፈበት።

እኔም ከደንገጎው ጀመርሁ። «መንጃ ፈቃዱ ተያዘ» የሚለውን፣ በእንግሊዝኛ መንጃ ፈቃድ በባለሥልጣን ውሳኔ ሲታገድ በሚነገርበት ቃል ተረጎምሁት። ቀኑንም ልጁ እንደነገረኝ ሚያዝያ 2005 ብዬ አስገባሁ። ስንት የልደት ምስክር ወረቀት ከዘመን ወደ ዘመን የለወጥሁ ሰው የእኛን ዓመተ ምሕረት ሳላስተካክል እንዳለ ማስፈሬን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ስለነበር፣ ወረቀቱ ለአንባቢው የሚነግረው አንድ ሕፃን ፒካፕ ሲነዳ ተይዞ መንጃ ፈቃዱ እንደታገደበት ነው። የዓመቱን ስሕተት ያን ሰዓት ሁለታችንም አላየነውም። ያየነው «ታገደ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው፤ ሁለታችንንም ያስደነገጠን እሱ ነው።

ድንጋጤው ደግሞ ሌላ ስሕተት ወለደ። ልጁ በየጊዜው የሚያደርገውን የአብራሪዎች የጤና ምርመራ ቅጽ ቅጂ ከሰነዶቹ ጋር ይዞ ነበርና፣ እዚያ ላይ መንዳትን በሚመለከተው ጥያቄ «የለም» ብሎ መመለሱን አየሁ። «አቦ፣ መንግሥት ዘንድ የለም ብለህ እዚህ አራት ከዘረዘርህ ውሸታም ትባላለህ። ሁለቱ ወረቀቶች መስማማት አለባቸው፤ የለም በል» አልሁት። ትንሽ አቅማማ። ሆኖም ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ድርሰቱን በቀይ እስክርቢቶ ሳርምለት እንደሚያደርገው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ፤ ማታ መብራት ሲመጣም ከእናቱ ቤት ሆኖ ማመልከቻውን ላከው።

በማግስቱ ጧት ቢሮ ሳልከፍት በባጃጅ መጥቶ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እንቅልፍ እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል። «ቲቸር፣ ሌሊት አንድ የማውቀው ካፒቴን ጋ ደውዬ ነበር። እርስዎም እኔም ጥያቄውን አላነበብነውም» አለኝ።

በእርግጥም አላነበብነውም ነበር። የጤና ቅጹ ለአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የሚገባ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ የሚጠይቀው በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ተጽዕኖ ሥር ሆኖ ስለ መንዳት፣ እንዲሁም መንጃ ፈቃድን ስላሳገደ ወይም ስላሰረዘ ጥፋት ነው። ልጁ ከእነዚህ አንዱም ስላልነበረበት እዚያ ላይ «የለም» ማለቱ ፍጹም ትክክል ነው። አየር መንገዱ የጠየቀው ግን ሌላ ነው፤ «በየትኛውም ጊዜ» ብሏል፣ «ውጤቱ ምንም ይሁን ምን» ብሏል። እኔ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ አድርጌ፣ የአንዱን መልስ ለሌላው ሰጠሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን «ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አንብቡ» እያልሁ ያስተማርሁት እኔው ነኝ።

እልኸኛ ስለሆንሁ ግን ወዲያው አልተረታሁም። ቀጣሪው ከአሜሪካው ብሔራዊ የአሽከርካሪዎች መዝገብ ምን ያገኛል ብዬ ጠየቅሁት። መዝገቡ በ1960 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሆኖ፣ የሚይዘው መንጃ ፈቃዳቸው የታገደባቸውን፣ የተሰረዘባቸውን ወይም በከባድ ጥፋት የተፈረደባቸውን አሽከርካሪዎች ነው፤ ተራ የፍጥነት ቅጣት እዚያ አይገባም። የደንገጎውን ክስ ደግሞ ማን ከድሬዳዋ ቆፍሮ ያወጣዋል? ልጁ መልስ አልሰጠኝም፤ የማመልከቻውን የመጨረሻ ገጽ ከፍቶ ፊርማው ካለበት በላይ ያለውን አንቀጽ አሳየኝ። የተሰጠው መረጃ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ፣ ከተቀጠረ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ሊያሰናብተው እንደሚችል ይገልጻል። ማታ ስሙን የፈረመው እዚያ ሥር ነው፤ ምክሩን የሰጠሁት እኔ ብሆንም የእኔ ስም እዚያ የለም።

ካፒቴኑ ስለ አንድ አደጋም ነግሮት ነበር፤ እኔም በኋላ አነበብሁት። በየካቲት 2009 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ግዛት ቡፋሎ አጠገብ የኮልጋን ኤር በረራ 3407 ተከስክሶ 50 ሰው ሞተ፤ 49ኙ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ሲሆኑ አንዱ መሬት ላይ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። ምርመራው ሲካሄድ፣ ዋና አብራሪው ቀደም ሲል ከወደቃቸው የበረራ ፈተናዎች አንዳንዶቹን ሲቀጠር በማመልከቻው ላይ እንዳልገለጸ ታወቀ። አደጋው የደረሰው በዚያ ምክንያት ነው ማለት አይደለም፤ የአውሮፕላኑ ፍጥነት ቀንሶ ማስጠንቀቂያው ሲሰጥ አብራሪው የወሰደው እርምጃ የተሳሳተ ነበር። ነገር ግን በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የአብራሪዎች መዛግብት ለቀጣሪዎች በአንድ ቋት እንዲሰበሰቡ አዘዘ። ረዳት አብራሪዎችም እንደ ዋናዎቹ በመሠረቱ 1,500 ሰዓት እንዲያሟሉ የተደረገው በዚሁ ሕግ መነሻነት ነው። ልጁ ዓመታት የለፋበት የሰዓት ቁጥር ራሱ ከዚያ አደጋ የመጣ መሆኑን ሳውቅ፣ «ማን ያገኘዋል» ማለቴ ቀሎ ታየኝ።

ያን ቀን ሌላ ደንበኛ አላስተናገድሁም። ማመልከቻው ከተላከ በኋላም ማስተካከያ የሚቀበል ስለነበር ከመጀመሪያው ጀመርን። አሜሪካ ከተጻፉበት ሦስት ክሶች ሁለቱን «ፍርድ ቤት ሳልሄድ ከፍዬ የጨረስኋቸው ናቸው፤ ስለዚህ አልተፈረደብኝም» ይል ነበር። እኛ አገርም ሰው ቅጣት ከፍሎ ሲወጣ ተፈረደብኝ አይልም። ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የትራፊክ ቅጣትን መክፈል ጥፋትን እንደ ማመን ስለሚቆጠር፣ ከቅጣቱ አጠገብ ይህንኑ እንዲጽፍ አደረግሁ። ሦስተኛው በዳኛ የተሰረዘለት ነው፤ እሱም ገባ፣ ምክንያቱም ጥያቄው ክስ መጻፉን እንጂ መቀጣቱን አልጠየቀም። ቀኑን በትክክል ላላስታወሰው «ገደማ» ብለን ወሩን ብቻ አኖርን። ለክፍል ረፍዶበት እንደነበር፣ ያን ሰሞን እናቱ ታማ እንደነበር ሊጨምር ፈልጎ ነበር፤ አወጣሁበት። ሣጥኑ የጠየቀው ምን እንደተፈጸመና በምን እንዳለቀ ነው።

ረጅሙን ጊዜ የወሰደብን የደንገጎው ነው። ዓመቱን ወደ 2013 እ.ኤ.አ. መለስሁት። መንጃ ፈቃዱ ግን እንዴት ይነገር? እኛ ዘንድ ትራፊክ ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን የሚይዘው ሾፌሩ ቅጣቱን ከፍሎ እስኪመጣ እንደ መያዣ ነው፤ የመንዳት መብት ታገደ ማለት አይደለም። አንድ ቃል ፈልጌ ስላላገኘሁ ቃል መፈለጉን ተውሁና የሆነውን ጻፍሁ፦ የትራፊክ ፖሊሱ፣ በአገሩ እንደተለመደው፣ መንጃ ፈቃዴን ቅጣቱን እስክከፍል ድረስ ያዘ፤ በማግስቱ ከፍዬ ተመለሰልኝ፤ መንጃ ፈቃዴ ታግዶ አያውቅም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንጽፍና ስንሰርዝ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። የከፈለኝን ገንዘብ ልመልስለት ብል እምቢ አለኝ፤ በኋላ ለእናቱ ሰጠኋቸው።

ሐምሌ ላይ ደወለልኝ፤ ቃለ መጠይቁን አልፎ ሥልጠና የሚገባበት ቀን ተነግሮታል። ስለ አሜሪካዎቹ ሦስት ክሶች አንድ አጭር ጥያቄ ብቻ ጠይቀው አለፉ። ከጠያቂዎቹ አንዱ ግን ደንገጎ ላይ ቆየ። መንገዱ ምን እንደሚመስል ጠየቀው፤ ልጁም ከተራራው ወደ ድሬዳዋ እየተጠማዘዘ ስለሚወርደው ቁልቁለት፣ ከአወዳይ ጫት ጭነው ትኩስነቱ ሳይጠፋ ለማድረስ ስለሚሽቀዳደሙት መኪኖች ነገራቸው። መንጃ ፈቃድህ ለምን ተያዘ ሲሉት ያችኑ ዓረፍተ ነገር በቃሉ አላቸው። እሷን ለመጻፍ ግማሽ ቀን እንደፈጀብን ግን አልነገራቸውም።