ድምፁ ሲሄድ ልጁስ?

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ከፍቶኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፣ እኔም አላውቀውም። ጉሙ ከጣርማ በር በኩል መጥቶ ከተማው ላይ ተኝቷል። መብራት ሌሊት እንደሄደ አልተመለሰም። ደብረ ብርሃን እንዲህ ስትሆን ሰው ከጋቢው መውጣት ያስጠላዋል። ምሳ ልሥራ ብዬ ሽንኩርት ከተፍኩና እዚያው ተውኩት። ስልኬ ላይ የቀረችውን ባትሪ ልጨርሳት ብዬ የጆሮ ማዳመጫዬን ሰካሁ። የምታውቁኝ ምን እንደከፈትኩ ታውቃላችሁ።

ልጆቹን ነዋ! የኦስትሪያዎቹን፣ የቪየናዎቹን ዘማሪዎች።

እህቴ «ደሞ ጀመረሽ» ትለኛለች። ይጀምረኝ። ሰው ኳስ ይከተላል፣ ሰው ተከታታይ ድራማ ይከተላል። እኔ ወንዶች ልጆች አብረው ሲዘምሩ እከተላለሁ። የፈረንጆቹን በስልክ፣ የእኛዎቹን በአካል። ለጥር ሥላሴ ማኅሌት ቆሜ አድራለሁ። መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ለንግሥ አንኮበር ድረስ ሄጃለሁ፣ ደብረ ሲናም ወርጃለሁ። ሕዝቡ ታቦቱን ለማየት ሲጋፋ እኔ ትንንሾቹ ዲያቆናት ወደቆሙበት ነው የምጋፋው።

በየዓመቱ ታኅሣሥ 15 ገደማ ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ማንም እንዳይደውልልኝ። የእንግሊዞቹ የገና ዋዜማ ነው። የካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ መዘምራን ከጸሎት ቤታቸው በቀጥታ በሬዲዮ ይተላለፋሉ፣ ይህም በፈረንጆቹ ከ1928 ጀምሮ ያለ ልማድ ነው። የመክፈቻ መዝሙሩን የመጀመሪያ አንጓ አንድ ልጅ ብቻውን፣ ያለ ምንም መሣሪያ ያወጣል። የትኛው ልጅ እንደሆነ አስቀድሞ አይነገርም። ልጆቹ ተለማምደው ይቆማሉ፣ መሪው ሰዓቱ ሲደርስ በእጁ አንዱን ይጠቁማል። ዓለም የሚሰማው ልጅ እኔ ነኝ ብሎ ለመፍራት እንኳ ጊዜ አያገኝም። እዚህ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ እኔ እፈራለታለሁ።

ያ ድምፅ ለእኔ ጆሮ ሌላ ነው። ከመጎርነኑ በፊት ያለ የወንድ ልጅ ድምፅ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አይርገበገብም። ሃያ ልጅ አንድ ላይ ሲያወጣው ደግሞ የትኛው ድምፅ የማን እንደሆነ ይጠፋል። ደረቴ ላይ ተዘግቶ የነበረ ነገር ይከፈታል። ሌላ እንዴት እንደምለው አላውቅም።

ዛሬ የከፈትኩት አሮጌ ቅጂ ነው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የተቀረጸ፣ ጥቁርና ነጭ። ያንን የመርከበኛ ልብሳቸውን ለብሰው ተደርድረዋል። ከፊት መስመር አንድ ልጅ ብቻውን ያወጣል። አፉን ሲከፍት ግንባሩ ይሸበሸባል። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ዛሬ ግን ድንገት «ይህ ልጅ አሁን ስንት ዓመቱ ነው?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ያኔ 12 ከነበረ አሁን 70ን አልፏል። አያት ሆኗል። በሕይወት ላይኖርም ይችላል። ያ ድምፅ ግን ምናልባት ከዚያ ቀረጻ በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ አልቆየለትም። ሰውየው ዕድሜውን በሙሉ የኖረው በሌላ ድምፅ ነው። ሚስቱም ልጆቹም የሚያውቁት ያንን ሌላውን ነው። እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ የማውቀው እነሱ ሰምተውት የማያውቁትን ነው።

ሽንኩርቱም መከፋቴም ከዚህ በኋላ ተረሱ።

ነገሩ የተፈጥሮ ነው፣ አውቃለሁ። ጉርምስና ሲመጣ ማንቁርት ያድጋል። የድምፅ አውታሮች ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ። ድምፁ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ስምንት የድምፅ ደረጃ ያህል ይወርዳል። በሽታ አይደለም። ግን አስቡት። ልጁ ሌሊትና ቀን የተለማመደበት፣ የተመሰገነበት፣ አገር ለአገር የዞረበት ነገር ከራሱ አካል ውስጥ ተነስቶ ይሄዳል። ማንም አልሰረቀውም። የሚከሰውም የለም።

የቪየናው መዘምራን 500 ዓመት አልፎታል። ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን ከቆረቆረ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1498፣ ቀዳማዊ ማክሲሚሊያን ለቪየና ቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት ዘማሪ ልጆች ይቀጠሩ ብሎ አዘዘ። ንጉሡም አለፈ፣ ንግሥናውም በ1918 ቀረ፣ መዘምራኑ በ1924 እንደገና ተቋቋመ። ዛሬ መቶ ያህል ልጆች ናቸው። በአራት ቡድን ተከፍለው በሙዚቃ ደራሲዎቹ በብሩክነር፣ በሃይድን፣ በሞዛርትና በሹበርት ስም ይጠራሉ። አንዱ ቡድን ዓለምን ሲዞር ሌላው ቪየና ቀርቶ እሑድ በቤተ መንግሥቱ ጸሎት ቤት ያስቀድሳል። በዓመት 300 ያህል ኮንሰርት አላቸው። ተቋሙ አያረጅም። ልጁ ግን በ10 ዓመቱ ገደማ ይገባል፣ 14 ሲሆነው ይወጣል። አዳራሹ ውስጥ ላለው ሰው ዘንድሮም አምናም ያው ድምፅ ነው። ልጁ እንደተቀየረ ማን ልብ ይለዋል?

ሹበርት ራሱ በልጅነቱ በዚያው ጸሎት ቤት ዘምሯል። ድምፁ ሲሄድበት ከሚዘምርበት የዜማ ወረቀት ላይ በእጁ ጻፈበት። ፍራንዝ ሹበርት ለመጨረሻ ጊዜ እንደ አውራ ዶሮ ጮኸ፣ ጁላይ 26 ቀን 1812 ይላል። 15 ዓመቱ ነበር። ያቺን መስመር ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል። ሌላ ሰው አልጻፈለትም። ቀኑን ራሱ መዘገበው።

ሃይድን ደግሞ በዚያው ከተማ በቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ይዘምር ነበር። በ1749 ድምፁ ጎርነን ሲል አሰናበቱት። ቤት የለው፣ ሥራ የለው። አንድ ዘማሪ ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ባያስጠጋው ኖሮ ጎዳና ላይ ነበር። እሱ በኋላ ትልቅ ሰው ስለሆነ ታሪኩ ተጻፈለት። ከእሱ ጋር የወጡት፣ ትልቅ ሰው ያልሆኑት ልጆችስ?

ከፈረንጆቹ የጀርመኖቹ፣ የላይፕዚጎቹ ሥርዓት ልቤን ያሳርፈዋል። የቅዱስ ቶማስ መዘምራን ከ1212 ጀምሮ ያለ ነው፣ የሙዚቃ ደራሲው ባኽ ከ1723 እስከ ሞተበት እስከ 1750 የመራው። እዚያ ልጁ ድምፁ ሲጎረንን አይወጣም። ወደ ወፍራሙ መስመር ይዛወርና እስከ 18 ዓመቱ ይቆያል። ትናንት ከፊት የቆመው ልጅ ዛሬ ከኋላ ቆሞ ለትንንሾቹ መሠረት ይሆናቸዋል። እንደዚህ ነው እንጂ!

ግን እዚሁ ላይፕዚግ ላይ አንድ ነገር አለ። ከባኽ ዘመን መዝገብ ተነስተው ያጠኑ ሰዎች ያኔ የልጆቹ ድምፅ የሚጎረንነው 17 ዓመት ገደማ ላይ እንደነበር ያሳያሉ። ዛሬ 13 እና 14 ላይ ነው፣ የአንዳንዱ ከዚያም ይቀድማል። ምክንያቱ ምግብና ጤና ስለተሻሻለ ነው ይላሉ። እንግዲህ የጠገበ ልጅ ድምፁ ቶሎ ይሄዳል፣ የተራበው ልጅ ድምፅ ይቆያል። ይህን ባሰብኩ ጊዜ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል። የምወደው ነገር ረጅም ዕድሜ የነበረው ልጆች በደንብ በማይበሉበት ዘመን ነው ማለት ነው።

ወዲያው የመጡብኝ ደግሞ የእኛዎቹ ናቸው፣ የቆሎ ተማሪዎቹ። ይህ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ውሃ ሲያረጋ አይቻለሁ። በዚያ ጠዋት በር ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል አንዱ። ደበሎው ከትከሻው ይንሸራተታል፣ አኩፋዳው ክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ውሻ ይጮህበታል። ያቺን ጥሪ እንዴት አድርጎ እንደሚያወጣት ብትሰሙ! መጀመሪያዋን ያነሣታል፣ መጨረሻዋን ይስባታል። ቁራሽ ይዤ ስወጣ ቶሎ ሰጥቼ ልሸኘው አስባለሁ፣ ብርድ ነው። ጆሮዬ ደግሞ አንዴ ድገማት ይለዋል። በአንድ ልብ ሁለቱም ይመጣሉ። ልጁ ጠግቦ እንዲያድር እፈልጋለሁ፣ ድምፁም እንዲቆይ እፈልጋለሁ። እነዚህ ሁለቱ ሊጣሉ ይችላሉ ብዬ ከዛሬ በፊት አስቤ አላውቅም። ከተጣሉ ደግሞ ይጥገብ። ይብላና ዛሬውኑ ይጎርንን።

በእኛ በኩል የምጽናናበት ነገር አለኝ። የእነሱ ዝማሬ መስመሩ ብዙ ነው። ላይኛው ሌላ ዜማ ይላል፣ ታችኛው ሌላ። በድሮ ሥርዓታቸው ሴት በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ስለማትቆም ላይኛው መስመር የልጆች ሆነ። ስለዚህ ቦታው የተሰጠው ለድምፁ ነው። ድምፁ ሲወርድ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ሌላ ልጅ ይገባበታል። የያሬድ ዜማ ግን አንድ ነው። በየትኛውም የዜማ ዓይነት፣ ግዕዝም ሆነ ዕዝል ወይም አራራይ፣ ሕፃኑ ዲያቆን ከላይ፣ ሽማግሌው መሪጌታ ከታች ሆነው ያችኑ አንዷን ይላሉ። ለሕፃን ድምፅ ብቻ የተለየ መስመር የለም። ስለዚህ ድምፁ ሄደ ተብሎ የሚሰናበት ልጅም የለም። ዳዊቱን የደገመው ወደ ዜማ ይሄዳል። ከዚያ ቅዳሴው፣ አቋቋሙ፣ ቅኔው እያለ ዕድሜ ልኩን የሚሄድበት መንገድ አለው። የእኛዋ ተጉለት በስሟ የሚጠራ የዜማ ስልት ያላት እንዲህ ባለ ትምህርት ነው። ልጅ ሆኖ የጀመረው ሳይጎረንን አልቀረም፣ ጎርንኖም አላቆመም።

አንድ ጊዜ የኔታን ጠይቄያቸዋለሁ። በጣም የምወደው አንድ ትንሽ ዲያቆን ነበር፣ ድንገት ድምፁ ተሰነጣጠቀ። «የኔታ፣ ያ ልጅ ድምፁ ሄደ አይደል?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «የት ሄደ? ወረደ እንጂ። አሁን ገና መማሩ ነው» አሉኝ። ለእሳቸው ምንም አልጎደለም። ልጁ ከዜማው አልወጣ፣ ከመስመሩ አልወጣ።

ለሰሚው ግን እንደዚህ ቀላል አይደለም። ሰሚው የለመደውን ይፈልጋል። ዓይኑ ከጎረነነው ልጅ ይነሳና አጠገቡ ወደቆመው ትንሽዬ ይሄዳል። ዜማው ልጁን አያሰናብትም፣ ሥርዓቱ አያሰናብትም፣ የሰሚ ጆሮ ግን ያሰናብታል። ሰው ለድምፅ ያለው ፍቅር ለልጁ ካልተረፈ ምን ዓይነት ፍቅር ነው?

ቡሄ ላይማ ይብሳል፣ እዚያ የኔታም የሉ። የሰፈራችን ልጆች ነሐሴ 12 ማታ ሲመጡ ገና ከሩቁ ዱላቸው መሬቱን ሲመታ እሰማለሁ። ሙልሙሌን ይዤ ከበሩ እቆማለሁ። ተቀባዮቹ ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ይጮኻል። የሚያወጣው ልጅ ግን አንድ ነው፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ግጥሙን ከበሩ አይቶ ይፈጥራል፣ ባለቤቱን ያወድሳል፣ ጓደኞቹን ይነዳል። ከዓመታት በፊት አንድ የሚያወጣ ልጅ ነበረን። ድምፁ በሬሳ ወንዝ ዳር ድረስ ይሰማል ይባል ነበር፣ እኔም አምናለሁ። እሱ ሲያወጣ ጎረቤት ሁሉ ወደ አጥር ይወጣል። አንዲት ጎረቤቴ፣ እትዬ የምንላቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ «ይቺን ልጅ ማን ወለዳት» ይሉ ነበር፣ ሲወዱ በሴት ነው የሚጠሩት። አንድ ዓመት ቡሄ መጣና ልጁ ከኋላ ቆሞ ይቀበላል። በሚቀጥለው ዓመት ጭራሽ አልመጣም። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሌላ ልጅ አወጣ፣ ሙልሙሉም ተሰጠ።

አሁን ባጃጅ ይነዳል። ብዙ ጊዜ ይጭነኛል። ከቁመቱ የተነሳ መሪው ላይ አጎንብሶ ነው የሚነዳው። ጎርናና፣ ቀስ ያለ ድምፅ አለው። «እትዬ፣ የት ልውሰድዎት?» ይለኛል። ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ይጨቃጨቀኛል። ስለ ቡሄ አንስተን አናውቅም። ከእኔ ወዲያ የሚያስታውሰው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም።

ስልኬ ላይ ግን አለ። ያኔ በር ላይ ቆሜ ቀርጬዋለሁ። ስልክ በቀየርኩ ቁጥር መጀመሪያ የማዛውረው እሱን ነው። ጅራፉ ይሰማል፣ ውሻው ይሰማል፣ የእትዬ ሳቅ ይሰማል፣ ከሁሉ በላይ የእሱ ድምፅ። ቅጂው እንዳለኝ እሱ አያውቅም። የራሱ የሆነ ነገር እኔ ጋ ተቀምጧል፣ ይህ ዛሬ አልዋጥልሽ አለኝ። ልሰጠው ይገባል። ሲሰማው ደስ ብሎት ለልጁ ያሰማው ይሆናል፣ ልጅ ወልዷል። ወይም ደግሞ ባጃጁን ዳር አቁሞ ፊቱን ያዞርብኛል። ሹበርት ቀኑን በራሱ እጅ ጽፎ ተሰናብቷል። ይህ ልጅ እንዴት እንደተሰናበተ አላውቅም፣ ዘግቶት ከሆነ በየትኛው መብቴ እከፍትበታለሁ?

ድሮ ቡሄ ላይ ታወጡ የነበራችሁ፣ በዲቁና ያገለገላችሁ፣ በሕፃንነታችሁ ሰው ቆሞ የሰማችሁ ካላችሁ እናንተን ልጠይቅ። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችሁ ያንን ድምፃችሁን ከስልኳ ብታወጣላችሁ፣ መስማት ትፈልጋላችሁ?