ዘጠኝ ሺህ ብር የወጣበት ገመድ

ለሦስት ሜትር የማይክሮፎን ገመድ 9 ሺህ ብር ማውጣቴን ባለቤቴ የምታውቀው ይህን ስታነብ ነው። በዘመድ ሻንጣ ከውጭ መጥቶ ጎንደር ሲደርስ፣ ጫፎቹ በወርቅ የተለበጡ ነበሩና እንደ ሙሽራ ጌጥ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ችግሩ ገመዱ በእርግጥ መሥራቱ ነው። ባይሠራ ኖሮ ሞኝነቴ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር።

ማራኪ ካለው ቤታችን አንዷን ክፍል ለቀረጻ ይዣለሁ። ያለኝ አንድ ዳይናሚክ ማይክሮፎን (በገመዱ በኩል ኃይል የማይፈልግ ዓይነት)፣ ሁለት መግቢያ ያለው የድምፅ ኢንተርፌስ (የማይክሮፎኑን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ) እና አሮጌ ላፕቶፕ ነው። በብዛት የምቀርጸው «ጋሼ» የምለውን አጎቴን ነው፤ ማሲንቆ ይጫወታል፣ ሲሞቀውም ያዜማል። ከመጀመሪያዎቹ ቀረጻዎች ጀምሮ ግን ከማሲንቆው ሥር አንድ ንብ የገባች ይመስል «እምምም» የሚል ድምፅ ነበር። የመብራት ድምፅ መሆኑ አልጠፋኝም፤ የእኛ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ 50 ሄርዝና እጥፎቹ በተገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይገባሉ። ከየት እንደሚገባ ነው ያላወቅኩት።

አዲሱን ገመድ ስሰካ ንቧ ጠፋች። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ! ላገኘሁት ሁሉ ስለ ገመድ ሰበክሁ። ገመድ ይህን ያህል ከለወጠ ፕሪአምፕ፣ የማይክሮፎኑን ደካማ ምልክት የሚያጎላው መሣሪያ፣ ምን ያህል ይለውጥ ይሆን ብዬ አራት ወር ቆጥቤ አንድ ገዛሁ። ሰክቼ ሳዳምጥ ድምፁ «ሞቅ ያለ» መሰለኝ። ጋሼን ጠርቼ አሰማሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና፣ «አንተ ልጅ፣ ድምፁን ከፍ አደረግኸው እንጂ ሌላ ምን ጨመርክበት?» አለኝ። ተናደድኩ። እውነቱን ነበር፤ ሁለቱን ቀረጻዎች ስለካቸው የአዲሱ መጠን በ1 ዲሲቤል ተኩል (ዲሲቤል የድምፅ ጉልህነት መለኪያ ነው) ይበልጣል። ጆሮ ደግሞ ትንሽ ጎላ ያለውን የተሻለ ነው ብሎ ይቀበላል። መጠናቸውን አስተካክዬ ስሰማ «ሙቀቱ» አልተገኘም።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ጋሼ ማታ መጣ። ገና መቃኘት ሲጀምር መብራት ጠፋ። ፕሪአምፑ ከግድግዳ መብራት ካልተሰካ አይነሳም፤ ኢንተርፌሱ ግን ኃይሉን የሚወስደው ከላፕቶፑ ስለሆነ ባትሪው እስኪያልቅ መቅረጽ ይቻላል። ውዱ ገመድ ከፕሪአምፑ ጀርባ ከሌሎች ሽቦዎች ጋር ተጠላልፏል። በጨለማ ስዳብስ እጄ የገባው ምስማር ላይ ተሰቅሎ የቆየው አሮጌው ገመድ ነው። በሻማ ብርሃን ቀረጽን። በማግስቱ ሳዳምጠው እስከዚያ ቀን ከቀረጽኩት ሁሉ የጠራ ሆኖ አገኘሁት። የጎረቤት ማቀዝቀዣ የለ፣ የሰፈሩ ወፍጮ የለ፣ ንቧም የለች። ያውም በአሮጌው ገመድ!

መብራት ሲመጣ ያንኑ ገመድ ሰካሁት፤ ንቧ ተመለሰች። ያን ጊዜ ነው ቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግሁት፤ የገመዱን ጫፍ ፈታሁ። ውስጡ ሦስት እግሮች አሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ቀይና ነጭ ሽቦ በደንብ ተበይደዋል። በአንደኛው እግር ላይ መያያዝ የነበረበት፣ ሁለቱን ሽቦዎች እንደ ሹሩባ የሚጠቀልለው የመዳብ ልባስ ግን ተበጥሶ ከእግሩ አንድ ፀጉር ያህል ርቆ ቆሟል። በሌላኛው እጅ ስነካካው ይነካል፣ ስለቀው ይርቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ በሁለቱ ሽቦዎች ላይ ያው ድምፅ ተቃራኒ ሆኖ ይጓዛል፤ ማጉያው የሁለቱን ልዩነት ስለሚወስድ በመንገድ ላይ ሁለቱንም እኩል የነካ ጫጫታ ይጠፋል። ልባሱ ደግሞ ጫጫታውን ከውጭ ይመልሳል። ዳይናሚክ ማይክሮፎን ያለ ልባሱም ድምፅ ስለሚያስተላልፍ ገመዱ ደህና መስሎኝ ኖርኩ። ፒያሳ ያለ የራዲዮ ጠጋኝ በ50 ብር በየደልኝ።

ከዚያ ሁለቱን ገመዶች ፈተንኩ። አንድ የተቀረጸ የማሲንቆ ዜማ ከኢንተርፌሱ መውጫ በውዱ ገመድ አዙሬ ወደ መግቢያው ቀረጽኩ፤ ያንኑ ዜማ በርካሹ ደገምኩት። ሁለቱን ኮምፒውተሩ ላይ እኩል ደርቤ የአንዱን ሞገድ ከላይ ወደ ታች ገለበጥኩት፤ እኩል የሆነው ሁሉ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ልዩነት ቢኖር የሚቀረው ድምፅ ልዩነቱ ነው። ማሲንቆው ጠፋ። የቀረው ትንሽ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ሲሆን እሱም የኢንተርፌሱ የራሱ ትንፋሽ ነው። ከጨርቁ ጋር አብሬ 9 ሺህ ብሬን የቀበርኩት ያን ዕለት ነው።

ገመድ ሁሉ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ወዳጄ የጊታር ማግኔት የተገጠመለት የኤሌክትሪክ ክራር አለው፤ እዚያ ላይ ልዩነቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የእንዲህ ያለ ክራር ገመድ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል የኤሌክትሪክ ክምችት አለው። 10 ሜትር ሲሆን የክራሩ ጥርት ያለ ድምፅ ላይኛው ጫፍ ይደበዝዛል፤ በ3 ሜትር ይመለሳል። መፍትሔው ውድ ገመድ ሳይሆን አጭር ገመድ ነው። ፕሪአምፑንም ያለ ጥቅም አላስቀረሁትም። መጽሐፍ ዝግ ባለ ድምፅ እያነበበ የሚቀርጽ ጓደኛዬ ሹር ኤስኤም7ቢ ማይክሮፎን አለው። ይህ ማይክሮፎን የሚያወጣው ምልክት ደካማ ነውና አምራቹ ራሱ ቢያንስ 60 ዲሲቤል ማጉያ ይጠይቃል። የእሱ ኢንተርፌስ እዚያ ላይ ሲደርስ «ሽሽ» ይል ነበር፤ በእኔ ፕሪአምፕ ድኗል፤ እኔም የገንዘቤን ግማሽ አግኝቻለሁ። ለጋሼ ማሲንቆ ግን የኢንተርፌሱ ማጉያ እስከ ግማሹ እንኳ መከፈት አያስፈልገውም።

ድምፁን የለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ የማይክሮፎኑ ቦታና ክፍሉ። ማይክሮፎኑን ወደ ድምፁ በግማሽ ርቀት ማቅረብ 6 ዲሲቤል ያህል ይሰጣል፤ ያውም በነፃ። መቅረብም ግን ይበዛል፤ ለረጅም ጊዜ ከማሲንቆው ቆዳ ፊት በስንዝር ርቀት አስቀምጬ ነበር፤ የደጋኑ ፍትጊያ ጆሮ ይበላል። አንድ ክንድ ራቅ አድርጌ፣ ከፍ አድርጌ፣ አፉን ወደ አንገቱ ሳዘነብለው የፈረስ ጭራው መዘመር ጀመረ። ግድግዳው ላይ ሁለት ጋቢ፣ ከጋሼ ጀርባ የቆመ ፍራሽ። በሲሚንቶው ወለል ላይ ደግሞ የእናቴ የበግ ቆዳ ምንጣፍ አለ፤ ለዚህ እሷ እስካሁን አልፈቀደችም።

ጣሪያው ግን ቆርቆሮ ነው። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ሲወርድ አንዱ ለሌላው ሲጮህ እንኳ አይሰማም። ባለፈው ማታ ካፊያ ሲጀምር ጋሼ ማሲንቆውን በጨርቅ ጠቀለለና ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ «በል እንግዲህ፣ ለመስቀል እንገናኝ» ብሎኝ ወጣ።