ቀስት የሚሳብባት ቅጽበት

ቅጠል ረግፎ ጫካው ሲራቆት፣ ቀኑም ሳይታሰብ ሲመሽ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ዛሬም እንዲያ ብሎኝ ሳለ ጋሼ ደወሉና «ትከሻዬ እንቢ አለ፤ ዘንድሮስ በክሮስቦው ነው» አሉኝ፤ ክሮስቦው ማለት ሰደፍ ላይ የተጋደመ፣ ቀድሞ ተወጥሮ በምላጭ የሚተኮስ ቀስት ነው። የአሜሪካዋ ግዛት ዊስኮንሲን ድሮ በቀስት አደን ወቅት ክሮስቦው የምትፈቅደው 65 ዓመት ለሞላውና ለአካል ጉዳተኛ ነበር። ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን ጎረምሳውም ፈቃዱን ገዝቶ ይገባል። ይገባዋል ወይ?

ብዙ ሰው ክሮስቦው ላይ ሰደፍ፣ ምላጭና አጉሊ መነጽር ሲያይ እንደ ጠመንጃ ከሩቅ የሚጥል ይመስለዋል። አይጥልም። በሰከንድ 380 ጫማ የምትበር ፍላጻ 40 ያርድ ለመድረስ ሲሶ ሰከንድ ያህል ትፈጃለች፤ የጅማቱ ድምፅ በሰከንድ 1,100 ጫማ ያህል ስለሚጓዝ ይቀድማታል። አጋዘኑ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ጊዜ አለው ማለት ነው። ሲደነግጥ ለመስፈንጠር መጀመሪያ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ይላል፤ ሳንባው ላይ የታለመችው ፍላጻ ጀርባው ላይ ታርፋለች ወይ በላዩ ታልፋለች። አቁስሎ መስደድ የማይፈልግ አዳኝ በቀስትም በክሮስቦውም ቀርቦ ነው የሚተኩሰው።

ልዩነቱ መሳቡ ላይ ነው። ባለመዘውሩን ቀስት የያዘ ሰው 60 ወይም 70 ፓውንድ የሚስበው አጋዘኑ 20 ያርድ ላይ ቆሞ ጆሮውን እያዞረ ነው። መዘውሩ ሲዞር ክብደቱ ከ75 እስከ 85 በመቶ ይቀልለታል፤ ክርኑ ወደ ኋላ የሚሄድባትን ቅጽበት ግን ማንም አያስቀርለትም። አብዛኛው አደን የሚበላሸው እዚያች ላይ ነው። ስቦ ከጨረሰም በኋላ አውሬው ከግንድ ጀርባ ቆሞ ከቀረ ክንድ ይዝላል፣ ይንቀጠቀጣል።

ክሮስቦው ቀድሞ ተወጥሮ ይጠብቃል። እሱም የራሱ ጣጣ አለው። እግርን ከፊቱ ባለው የእርካብ ብረት ውስጥ ከትቶ የመወጠሪያውን ገመድ ሁለት መንጠቆዎች ጅማቱ ላይ ማስገባት፣ ከዚያ በሁለት እጅ እኩል መሳብ ነው። ገመዱ ክብደቱን በግማሽ ያህል ያቀላል። አንዱ እጅ ከቀደመ ጅማቱ ከመሃል ይወጣና ፍላጻዋ ወደ ጎን ትስታለች፤ ስለዚህ ጅማቱ ላይ፣ ፍላጻዋ በምትተኛበት ሐዲድ ግራና ቀኝ ምልክት ማድረግ ጥሩ ነው። የፍላጻዋ ቂጥ ጅማቱን እስኪነካ ካልተገፋች ጅማቱ ዘሏት ያልፋል፤ ያ ባዶውን እንደ መተኮስ ነው፣ የቀስቱን ክንፎች ይሰነጥቃል። የግራ አውራ ጣት ከሐዲዱ በላይ ከወጣ ደግሞ ጅማቱ ይቆርጠዋል። ዛፍ ላይ በታሰረ ማማ ሲሆን ጎን ለጎን የተዘረጉት ክንፎች ግንዱን እንዳይመቱ ቦታ ማየት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ግን ማንም አያየኝም ተብሎ፣ አውሬው ሳይመጣ የሚያልቅ ሥራ ነው።

የዊስኮንሲን የቀስት ወቅት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር መግቢያ ይዘልቃል፤ ዋናው የጠመንጃ ወቅት 9 ቀን ብቻ። ለቀስት ይህን ያህል የተለቀቀለት አብዛኛው ሰው ባዶ እጁን ስለሚመለስ ነው። የአጋዘን ማግቢያ ጊዜ የሚጋለው ደግሞ በኅዳር መጀመሪያ፣ ጠመንጃ ሳይገባ ነው። ክሮስቦው ከተፈቀደ በኋላ በእሱ የሚጣለው አጋዘን በቀስት ከሚጣለው በልጧል። «እኛ ሳንገባ አጋዘኑን ይወስዱብናል» የሚለው የባለጠመንጃው ቅሬታ ምቀኝነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም።

ከሌሎቹ ግዛቶች ኦሃዮ ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክሮስቦው ትፈቅዳለች፤ ኦሪገን ለአደን ጭራሽ ከልክላለች። በቀስት የተጣለ ትልልቅ አውሬ የሚመዘግበው ፖፕ ኤንድ ያንግ ክለብም በክሮስቦው የተገደለ አውሬ አይመዘግብም። ዊስኮንሲን ያደረገችው ጥሩ ነገር ለክሮስቦው የራሱን ፈቃድ ማውጣቷ ነው፤ በዚያ ምክንያት የሚጣለው ለብቻው ይቆጠራል። እኔ ይግባ ባይ ነኝ። ቆጠራው በዛ ካለም ከክሮስቦው ወቅት የሚቆረጠው የኅዳር መጀመሪያ ይሁን እላለሁ።

ግን ሲቆረጥ ለማን ይቆረጣል? እንደ ድሮው 65 የሞላውና አካል ጉዳተኛው ብቻ ይግባ ከተባለ፣ በ50 ዓመቱ ትከሻው የተቀደደው ሰው ከየትኛው ወገን ይቆማል? የሐኪም ወረቀት ይዞ ይምጣ? ወረቀቱንስ ጎረምሳው አያመጣም?