አስራ ሰባት ዓመት የዘገየ ስለት

ይህን ምስክርነት መስጠት የነበረባት እናቴ ናት። ስለቱ የእሷ ነው። "ፊደል የቆጠርከው አንተ፣ አንተው ጻፈው" ስላለችኝ ነው እኔ የያዝኩት። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቃኛለች። "እንዳታጋንን። መልአክ ታየ ምናምን እንዳትል። እኔ ምንም አላየሁም፣ ጨለማ ነበር።"

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ቤታችን ደቻቱ ወንዝ ዳር ነበር። ወንዝ ስል ድሬን የማያውቅ ሰው ውሃ እንዳይመስለው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ ሰፊ የአሸዋ መንገድ በሉት። ከከዚራ ወደ መጋላ ስትሻገር ጫማህ ውስጥ የሚገባው አሸዋ ነው። ኳስ የተጫወትነው እዚያ ነው። ገበያተኛም ዕቃውን የሚዘረጋው እዚያ ነው። ክረምት ላይ ደጋው ሲዘንብ አንዳንዴ ውሃ ይመጣል። ሰው ዳር ቆሞ ያየዋል፣ ከሰዓታት በኋላ ይጎድላል፣ እኛም ወደ ኳሳችን እንመለሳለን። ከዚያ በፊትም ሰው በልቶ እንደሚያውቅ ትልልቆቹ ይነግሩን ነበር። ግን አብሮህ ያደገ ወንዝ አያስፈራህም።

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ቅዳሜ ነበር። ሰኞ ፍልሰታ ይገባል፣ ሰፈሩ ቅበላ ላይ ነው። አባዬ የባቡር ሰራተኛ ነበር፣ ያን ሰሞን ጅቡቲ መስመር ላይ ነው። ባቡሩ ያኔ አርጅቷል፣ ደስ ባለው ሰዓት ነው የሚመጣው። እማዬ ጥብስ ሰርታ በሳህን ከድና አስቀመጠችለት። "ከመጣ ሳይቀበል እንዳይጾም" ብላ።

ግቢውን የምንጋራት አንድ እናት ነበረች። እኛ ልጆቹ ሁሉ "አዮ" ነው የምንላት። እስላም ናት፣ ኦሮሞ። የእኛ ቤት የጭቃ ነው፣ የእሷ ብሎኬት። ልጇ በዕድሜ ከእኔ አንድ ዓመት ይበልጣል፣ አስራ ስድስት። ስሙን አልጽፍም። አሸዋው ላይ ካለው ገበያ ሽንኩርት ይሸጥ ነበር። ማታ ማታ ሌባ እንዳይነካበት ከጆንያዎቹ አጠገብ ሸራ ስር ነው የሚያድረው፣ ከሌሎች ልጆች ጋር። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው አድር ነበር። ሳቅና ጨዋታው አይጣል ነው። ያን ቀን ግን እማዬ "ነገ ቅዳሴ አለ" ብላ ከለከለችኝ። ተኳረፍን። እሱ ከሰዓት ብቅ ብሎ ለአዮ አስር ብር ሰጣትና፣ ለእኔ በግንባሩ "አትመጣም?" የሚል ምልክት አሳይቶኝ ሄደ። ወደ እማዬ በአይኔ ጠቆምኩት። ሳቀብኝ።

ሌሊት ከ8 ሰዓት በኋላ ይመስለኛል። እማዬ ባንና "አባትህ መጣ" አለች። ድምፁን እኔም ሰማሁት። እኛ የሐዲድ ሰፈር ልጆች ነን፣ ባቡር ሲቃረብ መሬቱ ነው ቀድሞ የሚነግረን። ልክ እንደዚያ። ጉርርር የሚል፣ አልጋውን የሚያንቀጠቅጥ። ጥብሱን ልታሞቅ ተነሳች። ክብሪት እየዳበሰች እግሯን ወለሉ ላይ ስታሳርፍ ውሃ ነካት።

በዚያ ሰዓት የሚገባ ባቡር የለም። ያን ያሰብነው በኋላ ነው። ድምፁ ከደንገጎ በኩል ካለው ተራራ ድንጋይና ግንድ እየነቀለ የሚወርደው ደቻቱ ነበር። እማዬ ባቡር ነው ብላ ባትነሳ ተኝተን ነበር የምንወሰደው። እኔ ሳየው የመጀመሪያው ተአምር ይሄ ነው። እሷ ግን "የባሏን እራት ልታሞቅ መነሳት ምኑ ተአምር ነው" ትላለች።

በሩ አልከፈት አለ። ውሃው ከውጭ ይዞታል። በመስኮት ወጣን። የአራት ዓመቷን እህቴን፣ ሚጡን፣ እማዬ በነጠላ ጀርባዋ ላይ አሰረቻት። ውሃው ደረቴ ጋ ደረሰ። ውሃ አይባልም እንጂ፣ ወፍራም ነው፣ እንደ አብሲት። ጀሪካን፣ ጣውላ፣ የሰው በር ይመታሃል። አንድ ለስላሳ ነገር እግሬ ላይ ተጠመጠመና አለፈ። ፍየል ነው አልኩ ለራሴ። እስከ ዛሬም ፍየል ነው እላለሁ።

አዮ ቀድማ ጣሪያዋ ላይ ወጥታለች። ኳሳችን በወጣ ቁጥር እየወጣን የምንረግጥባት፣ የምትሰድበን ቆርቆሮ። ሻርፗን ፈታ ወረወረችልን። በእሱ ነው የወጣነው።

እዚያ ላይ እማዬ ስለቷን ተሳለች። ጮክ ብላ ነው፣ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ቁልቢ ገብርኤል! ሦስቱን ሕፃናት ከእሳት ያወጣህ፣ እነዚህን ሁለቱን ከውሃ አውጣልኝ! ጥላ ይዤ፣ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ እመጣለሁ!" የሐምሌው ንግሥ ካለፈ ገና አስር ቀኑ ነበር። አዮ ደግሞ ከጎኗ ፊቷን ወደ ገበያው አዙራ "ያ ረቢ! ያ ረቢ!" ትላለች፣ መሃል መሃል ላይ የልጇን ስም እየጠራች። ሁለቱ አንድ ክንድ አይራራቁም። አንድ ቆርቆሮ ላይ ነው የጸለዩት። ይሄን ያዙልኝ።

ሲነጋ ውሃው ጎድሎ ነበር። የእኛ ቤት የለም። የአዮ ቤት ግድግዳ ላይ የጭቃው መስመር ከመስኮቱ በላይ ነው። ገበያው የነበረበት ቦታ ግንድና የተጨማደደ መኪና፣ ጭቃው ውስጥ ደግሞ ቀይ ሽንኩርት ተበትኗል። አዮ ሽንኩርቱን እየለቀመች ትሄድ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቀሚሷን አጥፋ ውስጡ እየከተተች።

ከ250 ሰው በላይ ሞተ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ወጣ። ውሃው ብዙውን ሰው ወደ ታች፣ ወደ ሽንሌ ሜዳ ነው የወሰደው። ሰዉ በአካፋም በእጁም አሸዋ ይቆፍር ነበር። አባዬ ማክሰኞ ደርሶ አብሮ ቆፈረ። የአዮ ልጅ አልተገኘም። ሳንጨርስ ደግሞ ኦሞ ሞላ ተባለ፣ ዳሰነች አገር ከ360 በላይ ሰው ወሰደ። ያ ክረምት እንዲህ ነበር።

ያኔ "የእግዚአብሔር ቁጣ ነው" የሚል ሰው አልጠፋም። እኔ አይዋጥልኝም። ደጋው ዛፉ አልቆ ተራቁቷል፣ ድሃው ደግሞ ርካሽ ቦታ ፍለጋ አሸዋው ዳር ይሰፍራል። ውሃው የመጣው በሚያውቀው መንገድ ነው። ዛሬ ዳርና ዳሩ ግንብ ተሰርቶለታል፣ አቦ ግንቡን ያጽናው።

እኛ መጠለያ ገባን። ሸራ፣ ብርድ ልብስ፣ የእርዳታ ዘይት፣ ብስኩት። በአምስተኛው ቀን ሚጡ ማስቀመጥና ማስታወክ ጀመራት። በዚያ ዓመት አተት አገሩን እያዳረሰ ነበር፣ ከጋምቤላ ተነስቶ። የእሷ አተት ይሁን ሌላ ተቅማጥ የመረመረ የለም። ማታ ላይ አይኗ ጎድጉዶ ገባ። አንዲት ነርስ መጥታ የሆዷን ቆዳ ቆነጠጠችና ለቀቀች። ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም፣ እንደተቆነጠጠ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በኋላ ያንን ቆዳ አልረሳሁትም። ነርሷ ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በጥብጣ ማንኪያ ሰጠችን። "በብርጭቆ አትስጧት፣ ታስመልሰዋለች። በማንኪያ፣ ቀስ እያላችሁ። ብታስመልስም ትንሽ ጠብቃችሁ ድገሙ። ሌሊቱን ሙሉ" አለች።

እማዬ አልቻለችም። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ማንኪያው ሳይደርስ ይፈሳል። አዮ ልጇን ሽንሌ ድረስ ፈልጋ መመለሷ ነበር፣ እግሯ አቧራ እንደለበሰ። ምንም ሳትል ሚጡን ጭኗ ላይ አስተኝታ ማንኪያውን ከእማዬ እጅ ወሰደች። ሌላው ድንኳን እስኪተኛ፣ ከዚያም እስኪነሳ። አንድ ማንኪያ። ትጠብቃለች። አንድ ማንኪያ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ታደርግ ነበር። እኔ መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሚጡ "ሽንቴ መጣ" ትላለች። ነርሷ ይሄን ስትሰማ ሳቀች፣ "ሽንት ካለ ልጅ አለ" ብላ። አዮ ግን አልሳቀችም። ማንኪያውን ጠራርጋ አስቀመጠችና ልጇን ልትፈልግ ወጣች።

እንግዲህ እማዬ የተሳለችው ለሁለት ልጆች ነው፣ ሁለቱም ዳኑ። ስለቱ ደረሰ። አሁን ጥላውን ይዞ ቁልቢ መሄድ ነው የቀረው። አልሄደችም።

ታኅሣሥ ይመጣል፣ ድሬ በቁልቢ ተጓዥ ትሞላለች። ሐምሌ ይመጣል፣ እንደዚያው። እማዬ ያን ቀን በር ዘግታ "ራሴን አሞኛል" ትላለች። ጥላውን ገዝታዋለች እኮ! ቀይ ከፋይ፣ ዘርፉ ወርቃማ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ። የንስሐ አባቷ ተቆጧት። አባዬም "የመልአክ ዕዳ ይዘሽ እንዴት ትተኛለሽ" እያለ አረፈ፣ ነፍሱን ይማረው። አንድ ቀን እኔም ጠየቅኳት። "ጥላ ይዤ እየዘመርኩ በአዮ ደጅ ልለፍ?" አለችኝ። "አብረን ነው እኮ የጮኽነው።" መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም ምስክርነት ስጥ ሲሉኝ የምሸሸው በዚሁ ነው። "እግዚአብሔር አዳነኝ" ስል፣ በግንባሩ "አትመጣም?" ያለኝ ልጅ ፊት ይመጣብኛል።

የ2016 እንቁጣጣሽ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጳጉሜ 6፣ አዮ ቡና ልትጠጣ እኛ ቤት መጥታለች። ቴሌቪዥኑ ላይ የዓረብ ጣቢያ ነው። አዮ ዓረብኛ ትሰማለች። ሊቢያ ውስጥ ደርና የምትባል ከተማ ሌሊቱን በጎርፍ መታጠቧን ማውራት ጀመሩ። ዳንኤል የተባለ ማዕበል ዝናቡን አውርዶት፣ ከከተማዋ በላይ ያሉት ሁለት ግድቦች ተደርምሰው። ከተማዋን የሚከፍላት ደረቅ ወንዝ ነው፣ ሰው ተኝቶ ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ባሕር ተወስዷል። ባሕር ዳር ቆማ ውሃውን የምታይ አንዲት ሴት አሳዩ። አዮ ሲኒዋን አስቀመጠች።

"ሽንሌ ባሕር ቢኖረው እኔም እንደዚህ እቆም ነበር" አለች።

ማናችንም አልተናገርንም። ቆየችና ወደ ቁም ሳጥኑ ቀና አለች። "ያ ጥላ እስካሁን እዚያ ነው?"

እማዬ አቀረቀረች።

"አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ በእኔ አሳበሽ መልአኩን አስጠበቅሽው?" አለች አዮ። ተቆጥታ ነበር፣ ቀልድ አልነበረም። "እኔ ያቺን ልጅ በማንኪያ ያቆየሁልሽ በር ዘግተሽ እንድትተኚ ነው? ተነሺ! እኔም እመጣለሁ።"

ታኅሣሥ 19 ቀን 2016 ሄድን። እማዬ፣ አዮ፣ ሚጡና እኔ። ሚጡ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲ ነበረች። በእግሬ ብላ የተሳለችው እማዬ ጉልበቷ ስለማይችል በሚኒባስ ነው የወጣነው፣ የመጨረሻዋን ዳገት ብቻ በእግሯ እንድትሄድ ተስማማን። የደንገጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ አዮ ሹፌሩን አስቆመችው። ወርዳ ዳር ቆመች። ከዚያ ድሬ ታች ትታያለች። ከእግራችን ስር የሚነሱት ቦዮች እየተጋጠሙ ወደ ከተማዋ ይወርዳሉ። "ከዚህ ነው የመጣው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ትንሽ አየችና ተመልሳ ገባች።

ቁልቢ እስላሙም ስለት ይዞ ይመጣል፣ ስለዚህ አዮን ዞር ብሎ ያያት የለም። እማዬ ጥላውን ስታስረክብ እልል ማለት ነበረባት። አፏን ከፈተች፣ አልወጣላትም። እልልታውን ያቀለጠችው አዮ ናት።

ወደ ሙዳየ ምጽዋቱ ስንጠጋ አዮ ከጡቷ ስር መሐረብ አወጣች። ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። አንድ አስር ብር ነው። አሮጌው፣ ስፌት የምትሰፋዋ ሴት ያለችበት፣ በ2013 ብር ሲቀየር የቀረው።

ሚጡ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ "አዮ፣ ይሄ እኮ አይሰራም" አለቻት።

"አውቃለሁ" አለችና ከተተችው።