ሳንቲሟ እንዴት አደረች?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ኩሽና ስሠራ የገጠመኝ ነው። ግንቦት ነበር። ለሰርግ ከአዲስ አበባ የመጡ 12 የአንድ ቤት ሰዎች አርፈዋል። በማግስቱ በጀልባ ወደ ዘጌ ሊሻገሩ፣ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች ሊያዩ ነው። ጀልባው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስለሚነሳ ቁርሱ 12 ሰዓት ላይ መድረስ አለበት። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ግን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ፆም የለም።

እንዲህ ላለ ማለዳ የምወደው ምግብ አለ። ማታ ተሰናድቶ ጠዋት ኦቨን የሚገባ የዳቦና የእንቁላል ምግብ ነው። እኛ ኩሽና "ዝፍዝፉ" ነው የምንለው። ያደረ ዳቦ ተቆርጦ ትሪ ላይ ይደረደራል። ትኩስ ዳቦ አይሆንም፤ ወተት ሲነካው ሊጥ ይሆናል። በላዩ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር የተጠበሰ የተፈጨ ሥጋ ይበተናል፣ ቺዝ ይጨመራል። ከዚያ 18 እንቁላል ከ1 ሊትር ተኩል ወተት ጋር ተመትቶ ይፈስበታል። ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ዳቦው ቀስ እያለ ይጠጣዋል። ጠዋት በ180 ዲግሪ አንድ ሰዓት ገደማ ሲጋገር ላዩ ቡናማ ሆኖ ይነፋል፣ መሐሉ ልስልስ ይላል።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ትሪውን ሸፍኜ ፍሪጅ ከተትኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። ፍሪጁ ያጉረመርማል። ትሪውን አወጣሁት፣ ዳቦው በደንብ ጠጥቷል። ኦቨኑን ለኮስኩ። በዚህ መሐል ዘበኛችን ሻይ ፈልገው ብቅ አሉ። "መብራቱ ዛሬ ጉድ ሠራን! 3 ሰዓት ላይ ሄዶ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የመጣው" አሉኝ።

ክው አልኩ። ፍሪዘሩን ከፈትኩ። በረዶዎቹ ጠርዛቸው ሟሙቶ፣ ድብልብል ብለው ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ።

ፍሪጅ በሩ ካልተከፈተ ያለ መብራት 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የኛው ከ6 ሰዓት በላይ ቆይቷል። በዚያ ላይ እንግዶቹ ሙቀቱ አላስተኛ ብሏቸው ውሃና ለስላሳ ሲጠይቁ፣ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ነው ያመሸው።

ትሪውን አሸተትኩት። ምንም አይልም። ዋናዋ ምግብ አብሳይ ሲገቡ ሮጬ ነገርኳቸው።

"እትዬ፣ ሽታው ደህና ነው። ኦቨን ውስጥ አንድ ሰዓት ከቆየ ምን ይተርፋል ብለው ነው?"

"ተህዋሲያኑ ይሞቱ ይሆናል። የረጩት መርዝ ግን አይሞትም" አሉኝ።

ልክ ናቸው። ከእጃችን ወደ ምግብ የሚተላለፍ ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ሞቅ ብሎ ካገኘ ይራባል፣ መርዝም ይሠራል። መርዙን እሳት አያጠፋውም። በማሽተት ወይም በመቅመስ አይታወቅም። እትዬ ቀጠሉ፤ "አያትየዋን አይተሻቸዋል? ጀልባው ሐይቁ መሐል ሲደርስ ሆዳቸውን ቢቆርጣቸው የት ይወርዳሉ?"

ደፋነው። እህል መድፋት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ያ ሁሉ እንቁላል ከረጢት ውስጥ ዝርግፍ ሲል ዓይኔን አዞርኩ። ለውሻ እንኳ አልሰጠነውም።

ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው። መደርደሪያ ላይ ከነበረው ያልተሰበረ እንቁላል ፍርፍር ሠራን። እትዬ ጨጨብሳ አደረሱ፣ ከዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ መጣ። ቁርሱ ግማሽ ሰዓት ዘገየ። አያትየዋ ጨጨብሳውን በልተው መርቀውን ወጡ።

ዛሬም የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ። ዘበኛችን ያን ሌሊት ሻይ ባያምራቸው ኖሮ ጋግሬ አቀርበው ነበር። ፍሪጁ ሲሠራ አየሁ፣ በቃኝ። ሌሊቱ እንዴት አደረ ብዬ ማንንም አልጠየቅኩም።

ዝፍዝፉን አልተውኩትም። አሁን ማታ ዳቦውንና ሽንኩርቱን ብቻ አዘጋጃለሁ። ሥጋውን የምጠብሰው፣ እንቁላልና ወተቱን የምመታው ሌሊት ስገባ ነው። ዳቦው ሳሳ ተደርጎ ተቆርጦ በዝርግ ትሪ ከተደረደረ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። እንዳደረው አይጣፍጥም፤ ይህን አልክድም።

ፍሪዘሩ ውስጥ ደግሞ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ አለ። ውሃ ሞልቼ በረዶ አደረግኩት፣ ላዩ ላይ የ1 ብር ሳንቲም አስቀመጥኩ። መብራት ብዙ ጠፍቶ በረዶው ከሟሟ ሳንቲሟ ትሰምጣለች። መብራቱ ተመልሶ ውሃው እንደገና በረዶ ቢሆንም እሷ እታች ትቀራለች። ስገባ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። ዘበኛችንም ሻይ ሊጠጡ ሲመጡ ገና በሩ ላይ ሆነው "ሳንቲሟ እንዴት አደረች?" ይሉኛል።